የጣሊያን አውድማ

ድጅኖው ቋ ሲል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ቢያቀልጡትም አይፈረድባቸውም። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብላ በጎጃም መንገድ ዳር የምትገኘው መንደር፣ ጨፌ ዋሬ፣ ትምህርት ቤት እንዲሠራላት ስትለምን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጆቿ ለመማር አስፋልቱን ይሻገራሉ፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ የሲሚንቶ መኪና እንደ ጥይት ነው የሚበረው። የባለሱቁ የከድሩ ልጅ ራያ ገና በሰባት ዓመቷ አንድ እግሯን ያጣችው አምና በጥቅምት፣ ደብተሯን እንደያዘች፣ እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ትቶ የትምህርት ቢሮው ደጃፍ መቀመጥ ጀመረ። ተቀምጦ ተቀምጦ በየካቲት መሐንዲስ ተላከለት።

መሐንዲሷ ሄመን ትባላለች። ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ አነጋገሯ ፈጠን ያለ፣ ሥራዋን የምትወድ ወጣት ናት። ከፒካፑ ወርዳ ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ተራመደችና «እዚህ ጋ» አለች። ሁለት ጎረምሶች አንድ ክንድ ሳይቆፍሩ ድጅኖው ከድንጋይ ጋር ተገናኘ። ሄመን ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ዳሰሰች፤ ፎቶ አነሳች።

«የድሮው ሰነድ ልክ ነው» አለች ቀና ብላ። «ጣሊያን አውሮፕላን ሊያሳርፍ ሜዳውን በሙሉ ድንጋይ አንጥፎበታል። አውሮፕላን የተሸከመ መሬት ትምህርት ቤት አያቅተውም። ክፍሎቹን ከመንገዱ አርቀን መሀል ሜዳው ላይ እንሠራቸዋለን።»

ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል እልል ያላለችው ጠጅቱ ብቻ ናት። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት የወተት ላሞቿንና የድንች ማሳዋን ከልጇ ከገመቺስ ጋር ይዛ የምትኖር፣ በስብሰባ ላይ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ከድርቆሹ ክምር ጎን ቆማ ከመኪናው እስከ ጉድጓዱ ያለውን እርምጃ በዓይኗ ለካች። ከዚያ ሜዳውን አየች፤ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ያልፋል። ሰው ለምንድን ነው ሁልጊዜ መኪናው የቆመበት አጠገብ ብቻ የሚቆፍረው ብላ ተናደደች።

የተናደደችው ድንጋዩ የት ላይ እንደሚያልቅ ስለምታውቅ ነው። ዝም ያለችው ደግሞ ሄመን ጠዋት ወረቀቷን ዘርግታ ለኮሚቴው የተናገረችውን ስለሰማች ነው። የተጠናው ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ይህ ሜዳ ነው። ሜዳው ካልሆነ ሁለተኛው ቱሉ፣ ማለትም ከሜዳው በላይ ያለው ረጅም ጉብታ፣ የጠጅቱ የድንች ማሳ ነው። ሦስተኛ የለም። መሠረቱ ከሰኔ በፊት ካልወጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል።

ሜዳውን ሰው ሁሉ የሚጠራው የጣሊያን አውድማ ብሎ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ አንድ የጣሊያን መኮንን ሠራዊቱ ወደ ጎጃም ሲያልፍ አውሮፕላን የሚያሳርፍበት ጊዜያዊ ሜዳ ፍለጋ መጣ። ቦታ ያሳየው የጠጅቱ አያት ሶያማ ነው። መኮንኑም ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ አደረገው፤ ረጅም ካፖርት አለበሰው፤ አለንጋም አስያዘው። ሦስት ወር ሙሉ የአካባቢው ወንድ በግዴታ ከቱሉ ጀርባ ድንጋይ እየፈለጠ ተሸከመ። ከላይ ደግሞ ሴቶች እንደ እህል አውድማ እበትና ጭቃ ለቀለቁት፤ በሬ ነዱበት፤ አለሰለሱት። ስሙም ከዚያ ቀረ። ያንን ድንጋይ ሲሸከሙ ሁለት ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ኦዳ የሚባል ወጣት ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።

በሰኔ አንድ አውሮፕላን አረፈ። ስንት አውሮፕላን እንዳረፈ መንደሩን ብትጠይቁ አሥራ ሁለት ይላችኋል፤ ቁጥሩ በየሠርጉ ይጨምራል። ያረፈው ግን አንድ ነው። እሱም ዝናቡ ሳያባራ ጎማው ሰመጠና አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ተከለ፤ በሃያ ጥማድ በሬ ተጎትቶ ወጣ። መኮንኑ ዝናቡን ረግሞ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ አውድማውም በዚያው ተረሳ። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ሶያማ ካፖርቱን አቃጠለ፤ ስሙን ግን ማቃጠል አልቻለም። ባንዳ እንደተባለ ሞተ። ልጁ፣ የጠጅቱ አባት፣ እድር የገባው በስንት ሽማግሌ ልመና ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል እንጂ ጠጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከኋላዋ የሚባለውን አንድ በአንድ ሰምታለች።

አባቷ ሊሞቱ ሰሞን አንድ ነገር ነገሯት። «አያትሽ ጣሊያኑን አሞኝቶታል» አሏት። «መኮንኑ ቱሉን ነበር የፈለገው፤ ጠንካራ መሬት ነው። አባቴ ግን ሳሩን አሳየው። በጥር መረሬ መሬት ምን ይመስላል? ደረቅ ነው፤ ለጥ ያለ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ድንጋዩም ቢሆን የተነጠፈው ከመንገዱ እስከ ወይራዋ ድረስ ነው። መኮንኑ ከመኪናው ወርዶ የሚራመደው እስከዚያ ስለነበር።» ወይራዋ ከተቆረጠች ቆይታለች፤ ጉቶዋ የነበረበትን ግን ጠጅቱ ታውቀዋለች። ከመንገዱ ሰማንያ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በጋ እየተሰነጠቀ ክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው።

ይህን ማንም ሌላ አያውቅም። «አባቶቻችን ድንጋይ የተሸከሙበት ነው» እየተባለ ሰማንያ ስምንት ዓመት ማንም ሞፈር አሳርፎበት አያውቅም። ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይሸጣል፣ አበቃ። ከሜዳው ጫፍ ሱቅ የሠራው ከድሩ በሩ በሐምሌ ተጣብቆ አልከፈት እያለው በመስኮት ይሸጣል፤ ሰው ግን ይስቅበታል። «ከአውድማው ውጭ ስለሠራህ ነው! ድንጋዩ ላይ ብትሠራ ኖሮ!» ይሉታል።

ያን ዕለት ወደ ማታ ገመቺስ ላሚቱን እያለበ እናቱ የምትለውን ሰማ። ሰምቶ ባልዲውን ወደ ጎን አደረገው።

«ሃርሜ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም። ሜዳው አይሆንም ካልሽ የሚወስዱት ቱሉን ነው። ቱሉን! ይሄን ማሳ ሰው ከተጂ ከተማ ድረስ መጥቶ የሚያየው ነው። ዘር ድንች ያወጣሁበትን አታውቂም? ካቡ ብቻ ስንት ሰው ይቀናበታል?»

ካቡ እውነትም የሚያስቀና ነው። የቱሉ ተዳፋት ሰባት እርከን አለው፤ እያንዳንዱ እርከን የሰው ደረት በሚደርስ የድንጋይ ካብ የተደገፈ ነው። ሌላው ሰው አፈሩ በጎርፍ ሲታጠብ የእነጠጅቱ ማሳ ፍንክች አይልም። ሶያማ ከተረገመበት ሥራ ሁሉ መካከል ለልጅ ልጆቹ የተረፈው መልካም ነገር ይህ ካብ ነው።

«ምትክ ይሰጣሉ» አለች ጠጅቱ፣ ራሷም ሳታምንበት።

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!» ገመቺስ ተነሳ። «ደግሞ መሐንዲስ አላቸው። ቢሰነጠቅ እሷ ትጠየቅ።»

«ግድግዳው ሲወድቅ ከሥር የሚገኙት የመሐንዲሷ ልጆች አይደሉም፣ ገመቺስ።»

«አያትሽ ባንዳ ነው ብለው የሰደቡን ሰዎች ልጆች ናቸው!»

ጠጅቱ ባልዲውን አንስታ ወተቱን ልታጠልል ገባች። እያጠለለች ግን ቁርጡን ወሰነች። ልጇ የተናገረው ውሸት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ታመነታ ነበር። እውነት መሆኑ ነው ያናደዳት። እሷም እኮ ጠዋት እልልታው ሲቀልጥ አንዲት ቅጽበት «የራሳቸው ጉዳይ» ብላ አስባ ነበር፤ ያንን ማሰቧን ጠላችው።

በማግስቱ ሄመንን ፒካፗ ውስጥ አገኘቻት። መሐንዲሷ አዳመጠቻት፤ ቀልድ መስሏት አልሳቀችም።

«እማማ፣ መሀሉ ላይ መቆፈር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ኮሚቴው ከለከለኝ። ኦቦ ኩምሳ ሰው የሞተበት ቦታ ነው፣ መሠረቱ እስኪቆፈር ድረስ መሀሉ አይነካም አሉ። ሰነዱም ድንጋይ ነው ስለሚል አልተከራከርኩም። እሳቸው ከፈቀዱ ዛሬውኑ እቆፍራለሁ።»

ኦቦ ኩምሳ የእድሩ ዳኛ ናቸው። የኦዳ ልጅ፣ አባታቸው ድንጋይ ተሸክሞ ከወደቀ በሁለተኛው ወር የተወለዱ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ። የሁለቱ ቤት ነገር ካብ ለካብ ይተያያል እባብ እንደሚባለው ነው፤ በለቅሶ ይገናኛሉ፣ በሠርግ ይገናኛሉ፣ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም። ጠጅቱ ነጠላዋን አስተካክላ በቀጥታ ወደ እሳቸው ግቢ ሄደች።  ፈርታለች። መፍራቷ ግን አላስቆማትም።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ኩምሳ?»

ሽማግሌው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። «ነጋ ዳ። ከሶያማ ቤት እግር ደጄን ረግጦ አያውቅም። ምን ተገኘ?»

ነገረቻቸው። ስለ አያቷ ተንኮል፣ ስለ ወይራዋ፣ ስለ ሰማንያው እርምጃ፣ ስለ መረሬው። ስትጨርስ ሽማግሌው በዱላቸው መሬት ጫሩ።

«አባቴ ሦስት ወር ድንጋይ ተሸከመ» አሉ። «ትከሻው ቆስሎ ተልቶ ነበር፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። አንቺ ዛሬ መጥተሽ ድንጋይ የለም ትይኛለሽ? አያትሽ ገደለው፤ አንቺ ደግሞ ልፋቱን ልትሰርቂው?»

«አንቱ፣ እኔ የምለው ጉድጓዱ ይናገር ነው። ድንጋይ ካለ እኔ ዋሾ ነኝ።»

«ዋሾ ብቻ አይደለሽም! ድንጋይ ከወጣ ከእድሩ ትወጫለሽ። አንቺም ልጅሽም። ስትሞቺ የሚቀብርሽ አይኖርም።»

ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ ያገሬው ሰው ያውቃል። ሬሳ ቤት ውስጥ ተይዞ ሰው በደጅ እያለፈ ሲሄድ ማየት ማለት ነው። ጠጅቱ አባቷ የነገሯት እውነት ለመሆኑ አንድም ማስረጃ የላትም፤ ሽማግሌ በሞት አልጋው ላይ አባቱን ሊያነጻ ይችላል። ያን ጊዜ ነው ይህ ሐሳብ የመጣባት፤ ዘግይቶ መጣ።

«እሺ» አለች። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቆፈር።»

እሑድ መንደሩ ተሰበሰበ። ከድሩ ራያን በጀርባው አዝሎ መጣ። ገመቺስም መጣ፤ ከእናቱ ርቆ ቆመ። ኦቦ ኩምሳ ቀስ እያሉ ሜዳውን ተሻገሩና ከመንገዱ አራት መቶ እርምጃ ያህል ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን መሬት ላይ ወጉ።

«አባቴ የወደቀው እዚህ ነው ይባላል። ከነድንጋዩ ነው የወደቀው። እዚህ ቆፍሩ።»

ጎረምሶቹ ሣሩን ገሸለጡና ድጅኖ አሳረፉ። አንድ ክንድ ወረዱ፤ ጥቁር አፈር። ሁለት ክንድ ወረዱ፤ ጥቁር አፈር። በሦስተኛው ክንድ ላይ ድጅኖው ከልጁ እጅ አምልጦ ስንጥቃት ውስጥ ገባና እስከ አናቱ ጠፋ። ልጁ ባዶ እጁን ይዞ ቆመ። ማንም አልሳቀም።

«ሌላ ቦታ» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

ሃምሳ እርምጃ አልፈው ቆፈሩ። ያው ነው። ወደ ጫፉ ሄደው ቆፈሩ። ያው ነው። ወደ መንገዱ ተመልሰው ጠጅቱ ባሳየችው በወይራዋ ጉቶ ወዲህና ወዲያ ሲቆፍሩ ወዲህ ድንጋይ ወጣ፤ ወዲያ አፈር ወጣ። ሄመን ከአፈሩ በእፍኟ አንስታ እያሸች ፊቷ ተለዋወጠ። «መሀሉ ላይ ሠርተነው ቢሆን ሁለት ክረምት አይቆምም ነበር» አለች። ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ ነበረበት። ከድሩ ልጁን ከጀርባው አውርዶ አቀፋት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ ጠጅቱ ደረቷ ቀለል አላት። ሶያማ በእርግጥም ጣሊያኑን አሞኝቶታል! ስልሳ ዓመት ያጎነበሰችው አንገቷ ቀና ሊል ምንም አልቀረውም። ቀና ሊል ሲል ግን ኦቦ ኩምሳ ጉድጓዱን እያዩ ጠየቁ።

«ታዲያ አባቴ ሦስት ወር የተሸከመው ድንጋይ የት ገባ?»

 የሁሉም አባት፣ የሁሉም አያት ተሸክሟል። ያ ሁሉ ድንጋይ በሰማንያ እርምጃ ብቻ አላለቀም፤ ሊያልቅም አይችልም። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሄመን «ሌላ ቦታ አፍስሰውት ይሆናል» አለች።

ጠጅቱ ሳታስበው ዓይኗን ወደ ቱሉ አነሳች። ፀሐዩ የሰባቱን እርከን ካብ አንድ በአንድ አብርቶታል። «አያትሽ ብቻውን ካበው» እየተባለች ነው ያደገችው። አንድ ሰው ብቻውን በዕድሜው ሙሉ ያንን ሁሉ ድንጋይ እንደማያነሳ ለማወቅ ስልሳ አንድ ዓመት ፈጀባት! ድንጋዩ የተፈለጠው ከቱሉ ጀርባ ነው። ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በቱሉ ላይ ነው። መኮንኑ ባልመጣበት ቀን ሁሉ ካቦው «እዚህ አውርዱ» ይላቸዋል፤ አለንጋ ይዟልና ያወርዳሉ። አብረው የተሸከሙት ሰዎች ደግሞ በየቀኑ ከየጎጡ እየተቀያየሩ ይመጡ ስለነበር አንዱ ያወረደበትን ሌላው አላየም፤ ሴቶቹም ሜዳውን የለቀለቁት አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። እያንዳንዱ፣ የእኔ ቢቀር የሌላው ሜዳው ላይ ገብቷል ብሎ ሞተ።

 እስካሁን ድረስ ማንም ወደ ላይ አላየም። ገመቺስ ግን እናቱን ያያት ነበር። ፊቷን አነበበ፤ ዓይኖቿን ተከትሎ ካቡን አየ። ገባው። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው።

እውነት ለመናገር ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ያሸነፈች ሴት ናት። አያቷ ነጽቷል፤ ልጆቹ ተርፈዋል። ግማሹን እውነት ይዛ ቤቷ ብትገባ ማን ይከሳታል? ያ ግማሽ እውነት ግን አፏ ውስጥ መረራት።

«ኦቦ ኩምሳ» አለች። «ድንጋዩ እኔ ጋ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ቱሉ ላይ ነው። ካቡ ነው። አሁን ነው የገባኝ፤ በእግዜር ስም እምላለሁ አሁን ነው። አባቶቻችሁን ለጣሊያን እያስመሰለ የራሱን ማሳ አስካባቸው።»

ጫጫታ ተነሳ። «ሌባ!» አለ አንዱ። «ድሮስ ባንዳ!» አለ ሌላው። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ፤ ሰው ጸጥ አለ።

«ታዲያ ጣሊያኑን አሞኘ ስትይን ከረምሽ?»

«አሞኝቶታል። እሱም እውነት ነው። እናንተን መስረቁም እውነት ነው። አባትዎን በአለንጋ ገርፎ ድንጋይ እንዳሸከማቸውም እውነት ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን አልጥልም፤ ሁሉም የእኔ አያት ነው።»  «ትምህርት ቤቱ ቱሉ ላይ ይሠራ። መሠረቱ በካቡ ድንጋይ ይውጣ። ድንጋዩ የእናንተ ነው።»

«ጉማ በመሬት አይወጣም» አሉ ኦቦ ኩምሳ። ጉማ የደም ዕርቅ ነው፤ ደም የተቃቡ ቤቶች በሽማግሌ ፊት ካልታረቁ መሬት ሰጠሁ፣ ከብት ሰጠሁ ብሎ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አውቃለሁ። ጉማውን ሽማግሌዎች ሲጠሩኝ እመጣለሁ። ይሄ ጉማ አይደለም። የሰው ዕቃ መመለስ ነው።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው ሽቅብ ወደ ቱሉ አቀኑ። መንደሩም ተከተላቸው፤ ከድሩ ልጁን መልሶ አዘለ፤ ሄመን ወረቀቷን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከተተች። ገመቺስ እናቱ አጠገብ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

«አጠፋሽኝ፣ ሃርሜ።»

«አውቃለሁ።»

«ድንቹን እስክነቅል አንድ ችካል አይተከልም። እስከ ግንቦት! ለዚያች መሐንዲስ ንገሪያት።»

«ራስህ ንገራት። ማሳው የአንተም ነው።»

ገመቺስ ሄደ። ሲሄድ አየችው፤ መሐንዲሷን አስቁሞ በእጁ እያመለከተ የትኛው እርከን መጀመሪያ እንደሚለቀቅ፣ መኪና በየት በኩል ቢገባ ዘሩን እንደማይረግጥ ያሳያት ጀመር። ያኮረፈ እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል፤ ያም ሆኖ ያሳያታል። ጠጅቱ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ኦቦ ኩምሳ የመጀመሪያው እርከን ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ካቡ ላይ አሳርፈው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ከላይኛው ረድፍ አንዱን ያዙና ሊያነሱት ሞከሩ። አልተነሳላቸውም። ሁለት ሰዎች ሊያግዙ ሲቀርቡ በክንዳቸው መለሷቸው።

«አባቴ ሲሞት ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር ይላሉ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ዞር ብለው ጠጅቱን አዩዋት። በሕይወታቸው ዓይን ለዓይን ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። «አንቺ አንሺው።»

«የት ላድርስልዎ?»

«እሱ የወደቀበት።»

ሰው አጉረመረመ። «ኧረ አባባ፣ ሴት ናት!» አለ ከድሩ። «ስልሳ ዓመት አልፏታል!» አለች አንዲት ጎረቤት። ገመቺስ እየሮጠ መጣና ድንጋዩ ላይ እጁን አሳረፈ። ጠጅቱ እጁን አነሳችለት። ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችና ትከሻዋ ላይ አስቀመጠች፤ በርከክ ብላ ድንጋዩን አቀፈችው፤ አንድ ጊዜ አቃተታት፤ በሁለተኛው ወደ ትከሻዋ አወጣችውና ተነሳች። ክብደቱ ጥርሷን አንቀጫቀጨው። ቁልቁለቱን ጀመረች።

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ከኋላዋ ተከተሏት። አላጣደፏትም፤ አልቀደሟትም። ዞራ ባታይም የዱላቸው ድምፅ ይሰማታል።  ሜዳው ሲጀምር ትከሻዋ ተላጠ፤ ላብና ደም ተቀላቅሎ በጀርባዋ ሲወርድ ተሰማት። መቶ እርምጃ ቆጠረች። መቶ ሃምሳ ላይ እግሯ ስንጥቃት ውስጥ ገብቶ ተንገዳገደች፤ በአንድ ጉልበቷ ወደቀች፤ ድንጋዩን ግን አልለቀቀችውም። ለመነሳት ስትታገል የዱላው ድምፅ ቆመ። ኦቦ ኩምሳ አጠገቧ ደርሰው ነበር። እጃቸው፣ ያ የደረቀ ትልቅ እጅ፣ ከድንጋዩ ላይ አረፈ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ይበቃል፣ ልጄ» አሏት። «ይበቃል። አስቀምጪው።»

ጠጅቱ ጉልበቷን ከመሬት አነሳች። የጉድጓዱ አፈር ከፊት ለፊቷ፣ ሩቅ፣ ጠቁሮ ይታያል።

«ገና ነው፣ አባባ» አለች። «አልደረስኩም።»